ሚያዝያ ላይ ለነሐሴ አሜሪካ ኮሌጅ ማመልከት፦ ረፍዶብኛል ወይስ ይደርሳል?

ጦሳ_ስር | ሚያዝያ 6፣ 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

12ኛን የጨረስኩት አምና ደሴ ነው። ማትሪክ ከ600 338 መጣልኝ። በ2016 ከተፈተነው ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። አሁን ፍሬሽማን ነኝ፤ የት እንደሆነ ይቅር። አንደኛ ሴሚስተር 2.7 አመጣሁ። የምፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ በዚህ ውጤት ዲፓርትመንቱ የሚደርሰኝ አይመስለኝም።

አጎቴ ቨርጂኒያ ነው። ኡበር ይነዳል፣ ሦስት ልጆች አሉት። «ኮሌጁን ብቻ አግኚ፣ ስፖንሰር እሆንሻለሁ» ብሎኛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኤጀንሲ ደግሞ 60 ሺህ ብር ከከፈልኩ ለነሐሴ የሚደርስ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የኮሌጁ ወረቀት) «በዋስትና» እንደሚያወጣልኝ ነግሮኛል። ግማሹን ከፋሲካ በፊት ይፈልጋሉ።

ሌላው ጣጣ የ10ኛ ክፍል ውጤቴ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ስንመለስ ክፍሎቹ ወንበር እንኳ አልነበራቸውም። የዚያ ዓመት ካርዴ ለማሳየት የሚያኮራ አይደለም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለዘንድሮ ይደርሳል? ካምፓሱንስ ዊዝድሮው ላድርግ (አቋርጬ ልውጣ)?

---

ሚኒሶታ_ብርድ | ሚያዝያ 6፣ 2017

እህቴ፣ ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ለነሐሴ የሚቀበልሽ ኮሌጅ ታገኛለሽ። የሚከፍልልሽ ግን አታገኚም።

እነዚህን ሁለቱን ለይተሽ እያቸው። እዚህ ብዙ ኮሌጅ እስከ ሰኔና ሐምሌ ማመልከቻ ይቀበላል። ከሜይ 1 በኋላ ቦታ የቀራቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ናካክ የሚባለው የመግቢያ አማካሪዎች ማኅበር በየዓመቱ በነፃ ያወጣል። ኤጀንሲው በ60 ሺህ ብር የሚሸጥልሽ በአብዛኛው እዚያ ላይ በነፃ የምታነቢውን ነው።

ገንዘቡ ግን ሌላ ወቅት አለው። ለውጭ ተማሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑት ኮሌጆች ማመልከቻቸውን የሚዘጉት ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። መልሱ ማርች መጨረሻ ላይ ወጥቷል፤ የዘንድሮው በጀት ተከፋፍሎ አልቋል። በአንድ የግል ኮሌጅ የዓመት ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ሊሆን ይችላል። «የ15 ሺህ ስኮላርሺፕ ሰጥተንሻል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ከመዝለልሽ በፊት ቀሪውን ደምሪው።

እኔ ራሴ የመጣሁት ከማትሪክ በኋላ አንድ ዓመት ቤት ቆይቼ ነው። የኛ ውጤት የሚወጣው መስከረም አካባቢ፣ የነሱ ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት ላይ። በቀጥታ ልግባ ብትይ እንኳ ካሌንደሩ አይገጥምም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ክፍተት እዚህ ማንንም አያስደነግጥም። አንቺ የምትይው «ረፈደብኝ» ለዘንድሮ እውነት ነው፤ ለፈረንጆቹ 2026 መግቢያ ግን ገና ማልደሽ ነው የተነሳሽው።

---

ሂድ_ብቻ | ሚያዝያ 6፣ 2017

ይሄ ሁሉ ፍልስፍና ምንድነው? ዋናው አውሮፕላኑ ላይ መውጣት ነው። ርካሽ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ አይ-20፣ ቪዛ፣ ግቢ። ከዚያ እየሠራሽ ትማሪያለሽ። ስንቱ ሀበሻ እንደዚህ ነው የተማረው።

---

እትዬ_ሲልቨር_ስፕሪንግ | ሚያዝያ 7፣ 2017

ልጄ፣ ሂድ ብቻ የሚለውን አትስሚ። «ስንቱ ሀበሻ» የሚለው በዲቪ ወይም በጥገኝነት የመጣውን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ያገኛል፣ የነዋሪ ዋጋ ይከፍላል፣ የፈለገበት ይሠራል። በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) የመጣ ልጅ ሦስቱም የለውም። ትምህርት እየተካሄደ በሳምንት 20 ሰዓት፣ እሱም ግቢ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያውን ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት ክልክል ነው። ተደብቆ ሠርቶ የተያዘ ሕጋዊ ቆይታውን ያጣል።

ወጪውንም እንይ። እዚህ አካባቢ ያሉት ኮሚኒቲ ኮሌጆች፣ ሞንትጎመሪም ሆነ ኖቫ (ሰሜን ቨርጂኒያ)፣ ለውጭ ተማሪ የሚያስከፍሉት ከሌላ ስቴት በመጣ ሰው ዋጋ ነው። ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ወደ 10 ሺህ ዶላር አስቢ። ኪራይ፣ ምግብና ኢንሹራንስ ሲጨመርበት ከ20 ሺህ ያልፋል። ኮሌጁ አይ-20 የሚጽፈው ይሄን የሚሸፍን ሰው መኖሩን በባንክ ወረቀት ካየ በኋላ ነው።

አጎትሽን አላውቀውም፤ ደግ ሰው እንደሆነ ግን ያስታውቃል። ሦስት ልጅ ይዞ ኡበር የሚነዳ ሰው እዚህ አካባቢ የቤት ኪራዩን ከፍሎ የሚተርፈውን እኔ አውቀዋለሁ። ፊርማ ቀላል ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሲያቅተው አንቺ ሶፋ ላይ ትቀሪያለሽ፣ እሱ ከሚስቱ ይጣላል። እንዲህ ሆኖ እኔ ቤት ያደረች ልጅ አለች።

ስልክ ደውዪለትና «ጋሼ፣ በየዓመቱ ስንት ትችላለህ? አራት ዓመት?» በይው። ካፈርሽ እናትሽ ትጠይቀው።

---

ቦሌ_ቢሮ_ነበርኩ | ሚያዝያ 7፣ 2017

ከእንደዚህ ዓይነት ቢሮ በአንዱ ሠርቼ ወጥቻለሁ። ውስጡን ልንገራችሁ።

አንዳንድ ኮሌጆች ለሚላክላቸው ተማሪ በነፍስ ወከፍ ለኤጀንቱ ኮሚሽን ይከፍላሉ። ስለዚህ ቢሮው ልጁን የሚመራው ኮሚሽን ወደሚከፍለው ነው። ሙሉ ዕርዳታ የሚሰጡት እነ ሃርቫርድ፣ እነ አምኸርስት ለኤጀንት ሰባራ ሳንቲም አይሰጡም፤ ለዚህም ነው ስማቸው ቢሮ ውስጥ የማይነሳው። «በዋስትና» የሚሉት አይ-20 የትምህርት ማስረጃ ያለውን ሁሉ የሚቀበል ኮሌጅ ወረቀት ነው። ዋናው ፈተና ብሩ ነው፤ ለብሩ ደግሞ ቢሮው ዋስ አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው የባንክ ስቴትመንት «እናዘጋጃለን» የሚሉት ነው። እንዲህ ያላችሁ ሰው ካለ ሩጡ። የሐሰት ሰነድ ኤምባሲ ላይ ከተያዘ ዕድሜ ልክ የሚከተል ክልከላ ያመጣል። ቢሮው ስሙን ቀይሮ ሌላ ፎቅ ይከራያል፣ የተከለከለው ልጁ ነው።

ለምክር ከሆነ አሜሪካ ኤምባሲ ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ አለ፣ በነፃ።

---

ኤምባሲ_በር | ሚያዝያ 8፣ 2017

ቪዛው ላይ ልጨምር። አምና ክረምት አይ-20 ይዤ ገባሁ። «ማነው የሚከፍልልህ?» አለችኝ ቆንስሏ። የአክስቴ ልጅ አልኳት። «ምን ይሠራል? ስንት ያገኛል? ለምን ላንተ ይከፍላል?» የሦስተኛውን መልስ ሳልጨርስ ወረቀቱን ሰጠችኝ። 214 ቢ። ማለትም ትመለሳለህ ብለን አላመንንም።

ወጪው፦ ሴቪስ (የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ) 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር። በዛሬ ምንዛሬ 70 ሺህ ብር ገደማ ነው። 185ቷ አትመለስም። ሴቪሱ ግን በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ እንደገና ካመለከትሽ ያገለግላል፤ ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ድጋሚ ይከፍላል።

ከኔ ቀድማ የገባችው ልጅ ኮሌጁ ሙሉ ወጪዋን የሸፈነላት ነበረች። ስትወጣ ፊቷን አይቼ ገባኝ።

---

ጦሳ_ስር | ሚያዝያ 8፣ 2017

እትዬ፣ እናቴ ደወለችለት። ትንሽ ዝም አለና «በዓመት 4 ሺህ ዶላር አያቅተኝም፣ ከዚያ በላይ ግን አልዋሽም» አለ። ስላልዋሸኝ አመሰገንኩት። ለኤጀንሲው አልከፍልም ብያለሁ፤ ከትናንት ጀምሮ እየደወሉ ነው።

እሺ ለ2026 ልበል። ታዲያ ካምፓሱ? ጓደኞቼ «ዊዝድሮው አድርጊና ቤት ቁጭ ብለሽ አፕላይ አድርጊ» ይሉኛል። አባቴ ይሄን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም።

---

ሚኒሶታ_ብርድ | ሚያዝያ 8፣ 2017

እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ በደንብ አንብቢው።

የአሜሪካ ኮሌጅ አመልካቹን ከሁለት በአንዱ ይመድበዋል፦ አዲስ ገቢ ወይም ትራንስፈር (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር)። 12ኛን ጨርሰሽ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ኮርስ ከወሰድሽ ትራንስፈር ልትባዪ ትችያለሽ። ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ገንዘብ ያለው አዲስ ገቢው ጋ ነው። ለውጭ ትራንስፈር ምንም ዕርዳታ የማይሰጡ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። እዚያ ካምፓስ በቆየሽ ቁጥር የሚከፈትልሽ በር ይጠባል።

መስመሩን የሚያሰምሩት ግን በየራሳቸው ነው። አንዱ «ከ12ኛ በኋላ አንድ ኮርስ እንኳ ከወሰድሽ ትራንስፈር ነሽ» ይላል። ሌላው ሙሉ ዓመት ካልሞላሽ አዲስ ገቢ ያደርግሻል። ከሰው ሳይሆን ከኮሌጁ ጠይቂ። አጭር ኢሜይል ይበቃል፦ 12ኛን በዚህ ቀን ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያህል ሴሚስተር ተማርኩ፣ በየትኛው ላመልክት፣ ለዕርዳታስ ብቁ ነኝ? ይመልሳሉ። ሥራቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ካምፓስ መግባትሽን መደበቅ አይታሰብም። ቅጹ ይጠይቃል። ኋላ ከታወቀ የገባሽበትንም ያስለቅቃል።

---

መምህር_ወሎ | ሚያዝያ 9፣ 2017

እኔ በዊዝድሮው አልስማማም። ልጅቷ በዕድል 5.4 በመቶ ውስጥ ያለፈች ናት። እነዚያ ኮሌጆች ከሚያመለክተው ጥቂቱን ነው የሚቀበሉት። ባይሳካስ? ተማሪዎቼ ለስኮላርሺፕ ብለው ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጠው፣ አሜሪካም ሳይሄዱ ቦታቸውንም አጥተው አይቻለሁ።

የግድ የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ሬጅስትራር ሄዳ ፎርሙን ሞልታ፣ አስፈርማ፣ ኮፒውን ይዛ ትውጣ። ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ መመለስ ሲፈልግ የሚገጥመው ሌላ ነው።

---

ሚኒሶታ_ብርድ | ሚያዝያ 9፣ 2017

መምህር፣ ክብርዎን ጠብቄ፣ አንድ ዓመት ጨርሳ ትራንስፈር ከሆነች ግን አሜሪካ የሚለውን መርሳት ነው። ሁለቱንም ይዞ መቆየት ሁልጊዜ አይቻልም።

---

መምህር_ወሎ | ሚያዝያ 9፣ 2017

ይቻል እንደሆነ ኮሌጆቹ ይመልሱላት ብለሃል እኮ ራስህ። መልሱ እስኪመጣ ክፍል ትግባ፤ 2.7ቷንም ከፍ ታድርግ።

ሌላ ልምከር፤ ይሄ እንኳ የኔ ሥራ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ትራንስክሪፕቱን በተመለከተ፦ እኛ 10ኛ ክፍል «2014» ብለን ጽፈን እንልካለን። እነሱ ጋ 2014 ሲነበብ ልጅቷ 10ኛን የተማረችው ገና ፊደል ስትቆጥር ይመስላል። «2014 ዓ.ም (2021/22)» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ የአራቱም ዓመት ይውጣ፣ ማህተምና ፊርማ ይኑረው፣ ውጤቱ ከመቶ መሆኑ ይገለጽ።

መዝገብ በጦርነቱ ከጠፋ በእጅሽ ያለውን ካርድ ለርዕሰ መምህሩ አሳዪና በእሱ መሠረት እንዲሠራልሽ ጠይቂ፤ መዝገቡ ለምን እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤም ይጨመርበት። ስለ 10ኛው ውጤት ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ትምህርት ስንት ወር ተቋርጦ እንደነበር። ካውንስለር የለንም ካላችሁ ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትሉ በዚያ ቦታ ይሞላል። ያው የምክር ደብዳቤውን ተማሪዋ ራሷ ጽፋ መምህሩ የሚፈርምበት ልማድ አለ። አታድርጉት። ቋንቋው ለማመልከቻው ከምትጽፈው ድርሰት ጋር አንድ ሆኖ ሲገኝ ያስታውቃል።

---

ስሚዝ_አመልካች | ሚያዝያ 11፣ 2017

ሴት ስለሆንሽ የምጨምረው አለኝ። ስሚዝና ማውንት ሆልዮክ የሴቶች ኮሌጆች ናቸው፣ ለውጭ ተማሪም የተቀበሉትን ሰው የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ግሪኔልና ማካሌስተርም እንደዚሁ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ጭራሽ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሠራል። የሚወስዳቸው የውጭ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ማመልከቻውም ቀድሞ ስለሚዘጋ ቀኑን አሁኑኑ ገብተሽ እዪ።

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውዶይን ደግሞ ሲመርጡ የመክፈል አቅምሽን አያዩም። አብዛኞቹ ሌሎች ያያሉ፤ የምትጠይቂው ገንዘብ ሲበዛ ፉክክሩ ይከብዳል። ስለዚህ የአጎትሽ 4 ሺህ ትንሽ እንዳይመስልሽ። ቅጹ ላይ እውነተኛ ቁጥር ሆኖ ይገባል።

ክፍያ ላይ፦ ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጅ በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ውስጥ የማመልከቻ ክፍያ ነፃ መጠየቂያ አለ፣ ትምህርት ቤቱ ያረጋግጥልሻል። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (ኮሌጆች የቤተሰብ ገቢ የሚያዩበት የዕርዳታ ቅጽ) የመጀመሪያው 25 ዶላር ነው፤ አንዳንድ ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ በምትኩ ነፃ ቅጽ ይቀበላል፣ ወይም የነፃ ኮድ ይልካል። ጠይቂያቸው። ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ቅጽ ላንቺ አይደለም፤ ጊዜሽን አታጥፊበት።

እንግሊዝኛው በዱኦሊንጎ ይሂድ፣ ከቶፍል በጣም ይረክሳል፣ ውጤቱም በሁለት ቀን ይደርሳል። ግን መብራት የማይጠፋበት፣ ሰው የማይገባበት ክፍል ፈልጊ። ክፍያውን አጎትሽ በባንክ ካርዱ ይክፈል። ኤስኤቲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ አሁንም በፈቃደኝነት ነው፤ ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድና ብራውን ግን መልሰው አስገዳጅ አድርገውታል። መፈተኛው አዲስ አበባ ስለሆነ ወንበር ሳያልቅ ተመዝገቢ፤ ከደሴ መምጫና ማደሪያም አስቢ።

---

እትዬ_ሲልቨር_ስፕሪንግ | ሚያዝያ 13፣ 2017

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ልጄ፣ ፆሙን ፈትተሽ አንድ ሁለት ቀን ዕረፊ። ኮሌጁ አይሸሽም።

---

ሂድ_ብቻ | ሚያዝያ 14፣ 2017

እኔ አሁንም ቪዛ ያለ ሰዓት ነው የሚወሰደው ባይ ነኝ። ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም።

---

ኤምባሲ_በር | ሰኔ 13፣ 2017

ክሩን ላንሳው። ሂድ ብቻ፣ «ነገ አይታወቅም» ያልከው እንኳ ልክ ሆነ፤ ግን የተጎዳው የቸኮለው ነው። ግንቦት 19 አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ በዓለም ሁሉ ቆመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዚህ ሳምንት፣ ሊቀጥል ነው ተብሏል። አሁን የሶሻል ሚዲያ ገጽን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ግዴታ ሆኗል። በሚያዝያ ለነሐሴ ፕሮሰስ የጀመሩ ጓደኞቼ ኮሌጅ ማስያዣ ከፍለው ቀጠሮ እየጠበቁ ነው።

ጦሳ፣ የት ደረስሽ?

---

ጦሳ_ስር | ሰኔ 15፣ 2017

አለሁ። ካምፓስ አልወጣሁም፤ ሁለተኛውን ሴሚስተር እየጨረስኩ ነው። ኮሌጆቹ መለሱልኝ፣ አንዳንዶቹ በማግሥቱ። መልሱ ተበታተነ። ጥቂቶቹ «ዓመት ከሞላሽ ትራንስፈር ነሽ፣ ለውጭ ትራንስፈር ዕርዳታ የለንም» አሉ፤ ሰረዝኳቸው። ሁለቱ «ዋናው ማስረጃሽ የ12ኛ ስለሆነ በአዲስ ገቢ አመልክቺ» አሉኝ። አንዱ ደግሞ ትራንስፈር ብሎ ዕርዳታም አለው። በነዚህ ላይ ነው የምሠራው። ከፈለጋችሁት ዝርዝር ያነሰ ነው፣ ግን የራሴ ነው። ለቀጣዩ ዓመት ካምፓስ መመዝገብ አለመመዝገቤን ገና ከአባቴ ጋር እየተጨቃጨቅን ነው።

ድርሰቱን ስለ ጦርነቱ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ደብረ ብርሃን ሳለን ጎረቤት ለነበሩ ሕፃናት ሒሳብ አስጠና ነበር፤ ስለሱ እየጻፍኩ ነው።

አንድ ጥያቄ ለመምህር፦ ኮመን አፕ የሚከፈተው ኦገስት 1 ነው፣ በኛ ሐምሌ 25። ትራንስክሪፕቱን ያኔ ላስወጣ?

---

መምህር_ወሎ | ሰኔ 15፣ 2017

በፍጹም። ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ርዕሰ መምህሩም ማህተም ያዡም ዕረፍት ይወጣሉ። ካምፓስ እንደጨረስሽ በቀጥታ ወደ ደሴ ነይ። ከሐምሌ 10 በፊት ማህተሙ ይመታ። ስድስት ኮፒ አስመቺ፣ እያንዳንዱ በታሸገ ፖስታ። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ ከካርድሽ ጋር አንድ መሆኑን ሳታዪ ደግሞ እንዳትወጪ፤ «መሐመድ» ሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ሆኖ የመጣ ልጅ አሁንም እኔ ቢሮ ተቀምጦ ነው።